የፊሊክስ ብሎክ የሕይወት ታሪክ
በክሪስታል ውስጥ የኤሌክትሮንን መንገድ ስላገኘው ሊቅ

ከ11ኛ ክፍል የሳይንስ ተማሪ

ዕውቀት እንደ ዘር ነው። በተዘራበት ዓመት የሚታጨድ አለ፤ እንደ ወይራ ቀስ ብሎ አድጎ ተካዩ ካለፈ በኋላ ለልጅ ልጅ ጥላ የሚሆንም አለ። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው ቶሎ የሚታጨደውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሀና ማርያም የሚገኘው ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ፥ የዘራው ዘር ከ80 ዓመት በኋላ አዲስ ፍሬ ያፈራለትን የአንድ ሰው ታሪክ ለመጻፍ መረጥሁ። ሰውየው ፊሊክስ ብሎክ ይባላል።

ለዚህ ምርጫ ሌላም ምክንያት አለኝ። በፊዚክስ ትምህርት ስለ አቶምና ስለ ኤሌክትሮን በምንማርበት ጊዜ ከተማሪዎች መካከል አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። በዓይን የማይታየውን ነገር ማጥናት መንገድና ውሃ፥ ሐኪምና መድኃኒት ለሚያስፈልጋት አገራችን ምን ይረባል የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ግን በክርክር ከመፈለግ ይልቅ በአንድ ሰው ሥራ ላይ ማየት የሚሻል ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፊሊክስ ብሎክ ኦክቶበር 23 ቀን 1905 በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ከአይሁድ ወገን ከሆኑ ወላጆች ተወለደ። አባቱ ጉስታቭ የእህል ነጋዴ ነበረ፤ እናቱም አግነስ ትባል ነበር። ገና ልጅ ሳለ ታላቅ እኅቱ ስለ ሞተች ቤተ ሰቡ በብርቱ ኀዘን ላይ ወደቀ። ከትምህርት ሁሉ ሒሳብን ይወድ ነበር፤ ፒያኖ መምታትም ተምሮአል። የአገሩን ተራሮች መውጣትና በበረዶ ላይ መንሸራተት እስከ ሽምግልናው ድረስ የሚያስደስተው ነገር ነበር።

በ1924 በዙሪክ ወደሚገኘው የፌዴራል የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት ከእርሱ በፊት አልበርት አይንሽታይንን ያስተማረ ነው። ብሎክ በመጀመሪያ የተመዘገበው መሐንዲስ ለመሆን ነበር፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ ልቡ ወደ ፊዚክስ ስላዘነበለ የትምህርቱን መስመር ለወጠ። በዚያን ዘመን የምሕንድስና ትምህርት ለጨረሰ ሰው ሥራው የታወቀ ነው፤ ፊዚክስ ለተማረ ሰው ግን እንጀራው ከየት እንደሚመጣ በቅድሚያ አይታወቅም ነበር። ወጣቱ ግን ከሚያተርፈው ይልቅ ሊያውቀው የሚፈልገውን መረጠ።

ጊዜውም ምርጫውን ባረከለት። በ1926 በዚያው በዙሪክ ከተማ ኤርቪን ሽሮዲንገር የሞገድ መካኒክስ የሚባለውን አዲስ ትምህርት ሲያወጣ፥ የ20 ዓመቱ ተማሪ ብሎክ ሊቃውንቱ በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ይህ ትምህርት ኤሌክትሮን እንደ ጥቃቅን ጠጠር ብቻ ሳይሆን እንደ ሞገድም እንደሚሄድ የሚያስረዳ ነው። በ1927 መምህሩ ፔተር ዴባይ ወደ ጀርመን አገር ወደ ላይፕዚግ ሲዛወር ብሎክም ወደዚያው ሄደ። በላይፕዚግ ያገኘው አዲስ መምህር ቬርነር ሃይዘንበርግ ገና የ25 ዓመት ሰው ነበር፤ ብሎክም በእርሱ ሥር የዶክተርነት ማዕርግ ለማግኘት የመጀመሪያው ተማሪ ሆነ።

የመዳብ ሽቦው ምሥጢር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብሎክ ለዶክተርነት ጽሑፉ የመረጠው ጥያቄ ሲሰሙት እጅግ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ውስጥ እንዴት ሊያልፍ ቻለ?

በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሄደ ማለት ኤሌክትሮኖች ተጓዙ ማለት ነው። ዳሩ ግን መዳብ እንደ ቧንቧ ውስጡ ባዶ አይደለም። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በምትሆን መዳብ ውስጥ ከ80 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን የሚበልጡ አቶሞች ተጠጋግተው ይገኛሉ። ኤሌክትሮን ጠጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ሳይራመድ ከአንዱ አቶም ጋር ይጋጭ ነበር። ነገር ግን በልክ ሲመረመር፥ ኤሌክትሮኑ ሳይጋጭ ከመቶ በላይ አቶሞችን አልፎ እንደሚሄድ ታወቀ። ከብሎክ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ይህን ሊፈቱ አልቻሉም።

ብሎክ የመፍቻውን ቁልፍ ያገኘው በአቶሞቹ አሰላለፍ ላይ ነው። አቶሞቹ በእኩል ርቀት በረድፍ በረድፍ የተደረደሩበት ጠጣር ነገር ክሪስታል ይባላል። ከአፋር የጨው ምድር ተቆርጦ በግመል ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ጨው የክሪስታሎች ክምችት ነው፤ የጨው ቅንጣትን በማጉያ መነጽር የተመለከተ ሰው ቅርጽዋ እንደ ትንሽ ሣጥን ሆኖ ያገኘዋል። መዳብም ለዓይን ባይታወቅ እንኳ ውስጡ በጥቃቅን ክሪስታሎች የተሠራ ነው። በመስመር የተተከለ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚሄድ ሰው ዛፉ ቢበዛበትም መንገድ አያጣም፤ እንደ ልቡ በበቀለ ጫካ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ግንድ ያሰናክለዋል። ብሎክም በሒሳብ ያረጋገጠው ይህን የሚመስል ነገር ነው። የኤሌክትሮን ሞገድ በእኩል ርቀት በተሰለፉ አቶሞች መካከል ሲያልፍ፥ በየአቶሙ ዘንድ ከፍ ዝቅ እያለ የረድፉን ሥርዓት ይከተላል እንጂ አይሰበርም። አቶሞቹ ፍጹም በሆነ ሥርዓት ቢሰለፉና ባይንቀጠቀጡ ኤሌክትሮኑ ያለ ምንም መሰናክል ይጓዝ ነበር። የሚያሰናክለው አቶም ራሱ ሳይሆን የሥርዓት መጕደል ነው፤ ይኸውም በሙቀት የሚመጣው መንቀጥቀጥና የባዕድ ነገር መቀላቀል ነው። የመዳብ ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪክን የመከልከል ጠባዩ የሚጨምረው ስለዚህ ነው።

ይህን ጽሑፍ በ1928 ሲጨርስ ብሎክ ገና 22 ዓመቱ ነበር። በ1931 እንግሊዛዊው አላን ዊልሰን በላይፕዚግ ሳለ በዚሁ ትምህርት ላይ ተመሥርቶ፥ መዳብ ኤሌክትሪክን ሲያሳልፍ ሌላው ለምን እንደሚከለክል፥ በሁለቱ መካከል ያለው ሴሚኮንዳክተርም ለምን ጥቂት ብቻ እንደሚያሳልፍ አስረዳ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ የሚሠራው በሴሚኮንዳክተር ነው።

በብሎክ ሒሳብ ውስጥ ግን ሌላ እንግዳ ነገር ነበረ። በባዶ ሥፍራ ያለ ኤሌክትሮን በኤሌክትሪክ ኃይል ሲገፋ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። በክሪስታል ውስጥ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። ኤሌክትሮኑ በተገፋ መጠን የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፤ ከአቶሞቹ ረድፍ ጋር ሲመጣጠን ረድፎቹ ሞገዱን መልሰው ያንጸባርቁታል። ግፊቱ ወደፊት ሆኖ ሳለ ኤሌክትሮኑ ወደኋላ ይመለሳል፤ እንደገናም ወደፊት ይሄዳል። አሜሪካዊው ክላረንስ ዜነር በ1934 ነገሩን በይበልጥ ገልጾ ጻፈ፤ ጠባዩም የብሎክ መወዛወዝ ተባለ። በተራ ሽቦ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑ አንዱን ዙር ሳይጨርስ ስለሚጋጭ ይህ መወዛወዝ ሊታይ አልቻለም። ስለዚህ ለብዙ ዘመን በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ኖረ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስደቱ

ብሎክ ከዚያ በኋላ በዙሪክ ከቮልፍጋንግ ፓውሊ ጋር፥ በኮፐንሃገን ከኒልስ ቦር ጋር ሠራ፤ ተመልሶም በላይፕዚግ አስተማሪ ሆነ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን በያዘ ጊዜ ግን በጀርመን አገር ለአይሁድ ወገን የሚሆን ሥፍራ ጠፋ። የሰውን ችሎታ ትቶ ትውልዱን የሚቆጥር መንግሥት ሊቃውንቱን ከዩኒቨርሲቲ አስወጣ። ብሎክም በ27 ዓመቱ አገሩንና ሥራውን ለቅቆ ወጣ። ጥቂት ጊዜ በሮም ከኤንሪኮ ፌርሚ ጋር ከቈየ በኋላ በ1934 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ቤትና ንብረት፥ ሹመትና ወንበር በአንድ ቀን ሊወሰድ ይችላል፤ በአእምሮ ያለውን ግን ማንም ሊወርሰው አይችልም። ጀርመን በዘር ምክንያት ያሰደደቻቸው ሊቃውንት ለተቀበሏቸው አገሮች ሀብት ሆኑ፤ እርስዋ ግን ከሰረች። ሰውን በትውልዱ የሚመዝን አገር የሚጎዳው መጀመሪያ ራሱን ነው።

የውሃው ማግኔትና የኖቤል ሽልማት

ብሎክ በ1939 የአሜሪካ ዜጋ ሆነ፤ በ1940ም እንደ እርሱ ከጀርመን የተሰደደችውንና የፊዚክስ ሊቅ የሆነችውን ሎሬ ሚሽን አግብቶ አራት ልጆች ወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አቶሚክ ቦምብ ወደሚሠራበት ወደ ሎስ አላሞስ ሄዶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ያን ትቶ በሐርቫርድ የራዳር መከላከያ በሚጠናበት ክፍል ሠራ። እዚያም ስለ ሬዲዮ ሞገድ ያገኘው ዕውቀት ለሚቀጥለው ሥራው መሣሪያ ሆነለት።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ስታንፎርድ ተመልሶ ከዊልያም ሃንሰንና ከማርቲን ፓካርድ ጋር አንድ ምርመራ ጀመረ። በውሃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅን አቶም እምብርት እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። በብርቱ ማግኔት መካከል ሆኖ በተስማሚ የሬዲዮ ሞገድ ሲነካ እንደ እንዝርት እየዞረ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም ምልክት በመሣሪያ ይያዛል። ይህን ምልክት በ1946 መጀመሪያ ላይ ከውሃ አገኙ። ከእነርሱ ጋር ሳይተዋወቁ በሐርቫርድ ኤድዋርድ ፐርሰልና ጓደኞቹ ጥቂት ሳምንታት ቀድመው በፓራፊን ሰም ተመሳሳዩን አግኝተው ነበር። ስለዚህ የ1952 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለብሎክና ለፐርሰል በአንድነት ተሰጠ።

በዚያን ጊዜ ከዚህ ለሐኪም የሚጠቅም ነገር ይወጣል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። በ1973 ፖል ላውተርቡር በዚሁ ዘዴ ሥዕል ማንሣት እንደሚቻል አሳየ፤ ከዚያም የሰውን ሰውነት ሳይቀዱ የውስጡን ሁኔታ የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ተሠራ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የአንጎልና የአከርካሪ ሕመምተኞች የሚመረመሩበት ይኸው መሣሪያ ነው። ምን ይረባል ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

በ1954 የአውሮፓ መንግሥታት በጄኔቭ አጠገብ ሰርን የተባለውን የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሲያቋቁሙ ብሎክ የመጀመሪያው ዋና ዲሬክተር ሆኖ ተመረጠ። ነገር ግን ከአስተዳደር ይልቅ ምርምር ስለሚወድ በ1955 ሥልጣኑን ትቶ ወደ ስታንፎርድ ተመለሰ። በ1971 በጡረታ ተሰናብቶ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1983 በተወለደበት በዙሪክ ከተማ ዐረፈ።

የሌዘር ብርሃንና ክሪስታል

የብዙ ሰው ታሪክ በመቃብሩ ላይ ያበቃል። የብሎክ ታሪክ ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል፤ ይህንም ለመረዳት ወደ 1960 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በሜይ ወር ቴዎዶር ማይማን ሩቢ ከተባለው ቀይ የዕንቁ ድንጋይ የመጀመሪያውን የሌዘር ብርሃን አወጣ። የሌዘር ብርሃን እንደ ፀሐይና እንደ አምፑል ብርሃን ድብልቅ ሳይሆን አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፥ ሞገዱም በአንድነት የሚራመድ ስለሆነ በጠባብ ሥፍራ ላይ ብዙ ኃይል ሊከማችበት ይችላል።

ብርሃን በመስተዋት ወይም በጨው ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በውስጡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ያወዛውዛል። ብርሃኑ ደካማ ሲሆን መወዛወዙ ከብርሃኑ ጋር ልክ ለልክ ይሄዳል፤ ብርሃኑ እጥፍ ቢሆን መወዛወዙም እጥፍ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን አይለወጥም። ብርሃኑ እጅግ ሲበረታ ይህ ልክ ይፈርሳል። ለምሳሌ ድምፅ ማጉያን እናስብ። በመጠኑ ሲከፈት የተናጋሪውን ድምፅ እንዳለ ያሰማል፤ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ግን ከተናጋሪው አፍ ያልወጣ ሌላ ድምፅ ጨምሮ ይጮኻል። ክሪስታልም ከልክ ባለፈ ብርሃን ሲመታ ያልተሰጠውን አዲስ ቀለም ያወጣል።

ይህ በ1961 በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በተግባር ታየ። ፒተር ፍራንከንና ጓደኞቹ የሩቢ ሌዘር ቀይ ብርሃን ወደ ኳርትዝ ክሪስታል ሰደዱ። የገባው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት 694 ናኖ ሜትር ነበር፤ ከወጣው ውስጥ ግን በጣም ጥቂቱ 347 ናኖ ሜትር፥ ማለት ድግግሞሹ እጥፍ የሆነ ብርሃን ሆኖ ተገኘ። ምልክቱ በፎቶግራፉ ላይ እጅግ ትንሽ ነጥብ ስለ ነበረ፥ ጽሑፉ ሲታተም እንደ እድፍ ተቈጥሮ እንደ ተሰረዘ ይነገራል፤ በታተመው ገጽም ላይ ቀስቱ ባዶ ቦታ ሲያመለክት ይታያል።

ዛሬ ይህ ነገር ከእጃችን የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ ሱቆች የሚሸጠው አረንጓዴ የሌዘር መጠቆሚያ ብዙውን ጊዜ በውስጡ ትንሽ ክሪስታል አለው። መጀመሪያ የሚፈጠረው 1064 ናኖ ሜትር የሆነ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ክሪስታሉ ድግግሞሹን አጥፎ 532 ናኖ ሜትር የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ያወጣል። ይህን መሣሪያ ወደ ሰው ዓይን ማመልከት ግን ዓይንን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይገባም።

የድሮው ሒሳብ አዲስ ፍሬ

በክሪስታል ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ከዚህም በላይ ሲገፋ ምን ይሆናል? ሊቃውንት የሌዘሩን ኃይል ሲጨምሩ ክሪስታሉ እየተቃጠለ ያስቸግራቸው ነበር። በ2011 ሻምቡ ጊሚሬ፥ ዴቪድ ራይስና ጓደኞቻቸው መላ አገኙ። የሞገዱ ርዝመት ከሚታየው ብርሃን ብዙ ጊዜ የሚበልጥ፥ ጊዜውም እጅግ አጭር የሆነ የሌዘር ብርሃን በዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል ላይ ለቀቁ። ክሪስታሉ ሳይፈርስ ድግግሞሹ እስከ 25 እጥፍ የደረሰ ብርሃን ሰጠ። ከጓደኞቻቸው አንዱ በ2023 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሊቃውንት መካከል የሆነው ፒዬር አጎስቲኒ ነበር።

ይህን ለማስረዳት ሊቃውንቱ የፈለጉት ሐሳብ ተጽፎ የተቀመጠው በ1928 ነው። የሌዘሩ ሞገድ ኤሌክትሮኑን በአንድ አቅጣጫ በብርቱ ሲገፋው፥ ኤሌክትሮኑ ገና ሞገዱ ሳይገለበጥ ከአቶሞች ረድፍ ወሰን ደርሶ ወደኋላ ይመለሳል። በአንድ የብርሃን ሞገድ ጊዜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሚወዛወዝ ኤሌክትሮን ብርሃን ስለሚሰጥ፥ ጉዞው በተሰባበረ መጠን የብርሃኑ ድግግሞሽ ይበዛል። በሽቦ ውስጥ ከመጋጨት የተነሣ የማይታየው የብሎክ መወዛወዝ እዚህ ጊዜ አገኘ፤ የሌዘሩ ግፊት ከግጭቱ ይፈጥናልና።

ነገሩ ግን ያለ ክርክር አልቀረም። ሌሎች ሊቃውንት ብርሃኑ በይበልጥ የሚመጣው ኤሌክትሮኑ ትቶት ከሄደው ባዶ ሥፍራ ጋር ተመልሶ ሲገናኝ ነው አሉ፤ በ2015 በካናዳ የፖል ኮርከም ባልደረቦች በዚንክ ኦክሳይድ ላይ ባደረጉት ምርመራ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አገኙ። ሁለቱም ወገኖች የሚቈጥሩበት ሒሳብ ግን ያው ብሎክ ያገኘው የኤሌክትሮን መንገድ ነው። ዛሬ ሊቃውንት ከክሪስታል የሚወጣውን ብርሃን እንደ ጽሑፍ እያነበቡ የኤሌክትሮኑን ጉዞና የአቶሞቹን አሰላለፍ ይመረምራሉ፤ አንድ ቀንም በብርሃን ፍጥነት የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለመሥራት ተስፋ አላቸው።

የምንማረው ነገር

ብሎክ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ22 ዓመቱ ስለ ክሪስታል በጻፈው ሥራ አይደለም፤ የሌዘርንም ሥራ ሲጀምር አላሰበውም፤ በዚያን ጊዜ ሌዘር አልነበረምና። የጠየቀው ማንም በቤቱ የሚያየውን ነገር ነው። ከሀና ማርያም እስከ ሰበታ በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋውን የመሰለ ሽቦ ኤሌክትሪክን ለምን ያሳልፋል የሚል ነው። በሚገባ የተጠየቀ ጥያቄ ባለቤቱ ያላሰበውን በር ይከፍታል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ አገራችን መንገድና ሐኪም ያስፈልጋታል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚመረምርበት መሣሪያ የተገኘው የአቶምን እምብርት ካጠና ሰው ነው። ሌላው የዘራውን ብቻ እየገዛን ለዘላለም ልንኖር አንችልም። ሒሳቡ ሲከብደን ምን ይረባል ብለን መጽሐፉን ከመዝጋታችን በፊት፥ ከምሕንድስና ወደ ፊዚክስ የዞረውን የዙሪክ ወጣት እናስታውስ። የምንተክለው ወይራ ጥላው ለእኛ ባይደርስ እንኳ፥ ከእኛ በኋላ በዚህ ግቢ የሚማሩት ይቀመጡበታል።